እቴጌ ጣይቱ ብጡልና ድምፅ ቀጂው መሣሪያ

ተማሪዎች፣ የአንድን የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ ስታነቡ የልደቱን ዘመን፣ የሹመቱን ደረጃ፣ የጦርነት ውሎውንና የሞቱን ዕለት ታገኛላችሁ። ድምፁን ግን አታገኙም። የዐፄ ፋሲል ድምፅ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ እቴጌ ምንትዋብ ሲናገሩ ይቸኩሉ ወይም ይረጋጉ እንደሆነ ሊነግረን የሚችል ሰው የለም። ጎንደር ከተማ ገብታችሁ የነገሥታቱን ግንቦች ብትጎበኙ ድንጋዩንና ኖራውን ታያላችሁ፤ በአዳራሹ የተነገረውን ቃል ግን ግድግዳው አልያዘውም።

ድምፃቸው ከዚህ ዝምታ ካመለጠላቸው ጥቂት የጥንት ሰዎች አንዷ የሰሜን ባላባቶች ልጅ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1899 በሰም ላይ የተቀረጸው ንግግራቸው እስከ ዛሬ ይሰማል። በዚህ ምንባብ የእቴጌይቱን ሕይወት በሙሉ አናወጋችሁም፤ እርሱ ብቻውን ትልቅ መጽሐፍ ይወጣዋል። ከዚያ ድምፅ ጋር የሚያያዘውን እየመረጥን እንተርክላችኋለን።

ጣይቱ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም፣ እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። የአባታቸው ወገን ሰሜንን ለብዙ ዘመን ሲገዛ የኖረ ቤተሰብ ነው። ከዚህ ቤተሰብ በኃይሉ የገነነው የጣይቱ አጎት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ ከሰሜን አልፈው ትግራይን ጭምር ያስተዳድሩ ስለነበር ዘውድ የመጫን ምኞት አድሮባቸው፣ በሰሜን ደጋ በምትገኘው ደረስጌ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ዳሩ ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. የቋራው ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጦራቸውን እየመሩ መጥተው ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ካሣ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚያችው ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ውቤ ከሥልጣን ወደ እስር ቤት ወረዱ፤ ከእስርም ሳይወጡ ሞቱ።

እንግዲህ ጣይቱ ያደጉት ግዛቱን ባጣ፣ ስሙንና ኩራቱን ግን ባልጣለ ቤተሰብ ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ። ለሴት ልጅ ፊደል ማስቆጠር ባልተለመደበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ተማሩ፤ ግዕዝም ያውቁ ነበር። በገና ይደረድራሉ፣ ግጥም ይገጥማሉ ተብሎም ተጽፎላቸዋል። በገና ለዘፈንና ለጭፈራ የሚቀርብ መሣሪያ አይደለም፤ ደርዳሪው ዝቅ ባለ ድምፅ የሚጸልይበትና የሚተክዝበት ነው። የአንድ ሰው ጠባይ በሚመርጠው የሙዚቃ መሣሪያ ይታወቃል የሚል ሰው ቢኖር፣ የጣይቱን ምርጫ እንደ ምስክር ሊጠራው ይችላል።

ከምኒልክ ጋር ከመጋባታቸው በፊት ሌሎች ትዳሮችን አሳልፈዋል። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ በዓል፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና ጣይቱ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በቁርባን ተጋቡ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመናቸው ባጭሩ ሲነገር የሚከተለውን ይመስላል። በእንጦጦ ተራራ ሳሉ በፍልውኃው አካባቢ ቤት እንዲሠራ አድርገው በ1879 ዓ.ም. ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲቀቡ፣ ጣይቱም በሁለተኛው ቀን ጥቅምት 27 እቴጌ ተባሉ። ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚለውም የማዕረግ ስማቸው ነው።

አሁን ወደ ሰዋስው ትምህርታችን ቀረብ የሚል ነገር እናንሣ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው ውል በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጽፎ ነበር። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው ቅጂ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም ይቻላቸዋል የሚል ነበር። በኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ይህ መቻል ወደ ግዴታ ተለውጦ ተገኘ። ኢጣልያም ይህንን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮጳ መንግሥታት አስታወቀች። እናንተ በክፍል ውስጥ ስለ ግሥ ስትማሩ አንዱን ረዳት ግሥ በሌላው ብትተኩ መምህራችሁ በቀይ እርሳስ አርሞ ደብተሩን ይመልስላችኋል፤ በዚያ ውል ላይ የተፈጸመው የግሥ ለውጥ ግን የታረመው በብዙ ሺህ ሰዎች ደም ነው።

የኢጣልያ መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ በ1883 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ስለዚሁ አንቀጽ ሲከራከር ከባድ ተቃውሞ የገጠመው ከእቴጌ ጣይቱ ነበር። እቴጌይቱ፣ ኢጣልያ በሌሎች መንግሥታት ዘንድ ክብሯን ለመጠበቅ እንደምትጨነቅ ሁሉ ኢትዮጵያም የምትጠብቀው ክብር እንዳላት ገልጸው፣ የሌላ መንግሥት ጥበቃ የሚባለውን ነገር አንቀበልም አሉ። ድርድሩ ያለ ውጤት ፈረሰ፤ በ1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን መሻራቸውን አስታወቁ። ጦርነቱ ሲመጣ እቴጌይቱ የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ። በመቀሌ የመሸገው የኢጣልያ ጦር በግንብ ተከልሎ አልነካ ባለ ጊዜ፣ ምሽጉ የሚቀዳበትን ምንጭ መያዝ የእርሳቸው ምክር ነበር፤ በጥር ወር 1888 ዓ.ም. ውኃ ጥም ያደከመው ጦር ምሽጉን ለቆ ወጣ። በአድዋም የካቲት 23 ቀን ወታደሩን ሲያበረታቱና ለተዋጊው ውኃ ሲያቀርቡ ዋሉ። ይህን በታሪክ ትምህርታችሁ ስለምታገኙት እዚህ አናስረዝመውም።

እዚህ ላይ ልብ ልትሉ የሚገባ አንድ ነገር አለ። እቴጌ ጣይቱ የአንድ ቃል መዛባት ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ከማንም በላይ ያዩ ሰው ናቸው። ከአድዋ ድል በኋላ፣ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ቃላቸውን በተርጓሚ ብዕር ሳይሆን በገዛ አንደበታቸው ወደ ሩቅ አገር የሚልኩበት አጋጣሚ አገኙ።

ይህ አጋጣሚ ምን ያህል አዲስ ነገር እንደነበር ለመረዳት ወደ ጎንደር ዘመን መለስ ማለት ያስፈልጋል። በጎንደር ቤተ መንግሥት የንጉሥ ድምፅ በአደባባይ በዋዛ አይሰማም ነበር። ንጉሡ ከመጋረጃ ወይም ከመስኮት በስተጀርባ ተቀምጠው የሚሉትን፣ ቃለ ዐፄ የሚባለው ባለሥልጣን ተቀብሎ ለመኳንንቱና ለፈራጆቹ ያሰማ ነበር። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ይህን ሥርዓት አይቶ በመጽሐፉ ገልጾታል። ንጉሡ ይናገራሉ፤ የሚሰማው ግን የሌላ ሰው ድምፅ ነው። የንጉሣውያን ድምፅ እንዲህ ተሸፍኖ ይኖርበት ከነበረው ሥርዓት ተነሥቶ፣ በጡሩንባ ፊት ተቀምጦ ለማያውቁት ሰው ጆሮ ድምፅን አሳልፎ እስከ መስጠት መድረስ ትልቅ እርምጃ ነው።

መሣሪያው ፎኖግራፍ ይባላል። አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 የፈለሰፈው ሲሆን፣ እቴጌይቱ ባዩት ዓይነት ላይ ድምፅ የሚቀረጸው በሰም ነበር። ሰሙ እንደ ብርጭቆ ክብ ሆኖ ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ ነው። ተናጋሪው አፉን ወደ ጡሩንባው አስጠግቶ ጮክ ብሎ ይናገራል። ድምፁ በጡሩንባው ጫፍ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጠዋል። ከሽፋኑ ጋር የተያያዘ ስለታም መርፌም በሚሽከረከረው ሰም ላይ ቀጭን መስመር ይፈለፍላል። ድምፁን መልሶ ለማሰማት ሌላ መርፌ በዚያው መስመር ላይ ይኬድበታል፤ መርፌው ሲነሣና ሲወርድ ሽፋኑ ይንቀጠቀጣል፤ ከጡሩንባውም የሰው ድምፅ ይወጣል። አንዱ ቱቦ የሚይዘው ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ የሚሆን ንግግር ብቻ ነው። በቅኔ ትምህርታችሁ ሰሙን ቀርፋችሁ ወርቁን ፈልጉ እንባላለን፤ እዚህ ግን ወርቁ ያለው ሰሙ ላይ ነው። ሰሙም ለስላሳ ስለሆነ መርፌው በተመላለሰበት ቁጥር ትንሽ ይፋቃል፤ ድምፁን ማዳመጥ ማለት ድምፁን በጥቂቱ ማጥፋት ጭምር ነበር።

በነሐሴ ወር 1890 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ኦዝበርን በተባለው ቤታቸው ሆነው ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታና የወዳጅነት መልእክት በዚህ መሣሪያ ቀዱ። የሰም ቱቦውን ወደ አዲስ አበባ ያመጣው የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ጆን ሀሪንግተን ነበር። ዐፄ ምኒልክ መልእክቱን አንድ ጊዜ ሰምተው አልተዉትም፤ ደጋግመው አስነገሩት። ስለ ንግሥቲቱም ክብር ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ መድፍም አስተኮሱ። አስቡት፤ የሚከበረው ሰው በአዳራሹ ውስጥ የለም፤ ያለው አንድ ሣጥን፣ አንድ ጡሩንባና ትንሽ ሰም ነው።

ከዚያም መልስ መላክ ነበረበት። መልሱን ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ድምፅ፣ በአማርኛ ተናገሩ። ዐፄ ምኒልክ ከሰላምታና ከምስጋና ቀጥሎ ያነሡት ጉዳይ የሰሜኑን አገር ሰው ልብ በቀጥታ የሚነካ ነበር፤ ይኸውም የመተማ ነገር ነው። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ወርረው ብዙዎቹን አብያተ ክርስቲያናት አቃጥለዋል። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ከእነርሱ ጋር ሲዋጉ ወድቀዋል። ምኒልክም ያ ታላቅ ንጉሥ ስለ ሃይማኖቱ የሞተበት ከተማ ለኢትዮጵያ ሕዝብ መታሰቢያ ሆኖ እንዲቀር ንግሥቲቱ እንዲረዷቸው በዚያ ጡሩንባ አማካይነት ጠየቁ። በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ንግግር ውስጥ ሰላምታውን፣ ምስጋናውንና የድንበርን ያህል ከባድ ጉዳይ ማስገባት ቀላል አይደለም። ድርሰታችሁን በተወሰነ ቃላት ጻፉ ስትባሉ የምታጉረመርሙ ተማሪዎች ይህንን አስታውሱ። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው የድንበር ውል ምዕራባዊው ክፍል ገላባት ለሱዳን ሲሆን፣ ምሥራቃዊው መተማ ለኢትዮጵያ ቀረ።

የእቴጌ ጣይቱ ንግግር ከባለቤታቸው ያጠረ ነው። የንግሥቲቱን ድምፅ አጠገባቸው እንዳሉ ያህል በደስታ መስማታቸውን ገለጹ፤ ጤናና ረጅም ዕድሜ ተመኙላቸው፤ ስለ ወዳጅነትም ተናገሩ። በንግግሩ ውስጥ የመንግሥት ምሥጢር የለም፤ ክርክርም የለም። ይሁን እንጂ የቃላቱ ይዘት ብቻ አይደለም ዋጋው። በአንቶኔሊ ፊት የተከራከሩት፣ በመቀሌና በአድዋ ያዘዙት በዚሁ ድምፅ ነው። በዚህ ጊዜ ደግሞ መካከል ገብቶ አንዱን ግሥ በሌላ የሚለውጥ ጸሐፊ አልነበረም። ተርጓሚው የሚመጣው ድምፁ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ቢሳሳትም ዋናው ቃል ሰሙ ላይ ሆኖ ይመሰክርበታል።

የሁለቱ መልእክቶች ዕጣ የተለያየ ሆነ። ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸው በየቦታው እየተዞረ እንዳይሰማ ስላልፈለጉ፣ የእርሳቸው ቱቦ ለምኒልክ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ አዝዘው ነበር፤ እንደታዘዘውም ተደረገ። የምኒልክና የጣይቱ መልስ ግን ተርፎ እስከ ዘመናችን ደረሰ። የመርፌው ፍግታ እንደ ዝናብ ድምፅ ከበስተጀርባ ይሰማል፤ በዚያ ፍግታ ውስጥ የእቴጌይቱ ቃል ራቅ ብሎ፣ ግን ተለይቶ ይወጣል።

ይህ ሊሆን የቻለው መሣሪያው ፎኖግራፍ በመሆኑ ነው። በዚያን ዘመን በአውሮጳና በአሜሪካ ለቤቱ ድምፅ አጫዋች መሣሪያ ለመግዛት የተነሣ ሰው ሁለት ዓይነት ይቀርብለት ነበር። አንደኛው እስካሁን ያወጋናችሁ ባለ ሰም ቱቦው ፎኖግራፍ ነው። ሁለተኛው የጀርመን ተወላጅ የሆነው ኤሚል በርሊነር እ.ኤ.አ. በ1887 አሜሪካ ውስጥ የፈለሰፈው፣ በጠፍጣፋና ክብ ሸክላ የሚሠራው ግራማፎን ነው። ሸክላው እንደ ሳሕን ተደራርቦ በትንሽ ስፍራ ይቀመጣል፤ ቱቦው ግን ለእያንዳንዱ ሣጥን ይፈልጋል። ሸክላ ከአንድ ቅርጽ በሺህ የሚቆጠር ታትሞ ይወጣል፤ የሰም ቱቦ በመጀመሪያው ዘመን እንዲህ በቀላሉ አይባዛም ነበር። ሸክላው በድምፁም ጎላ ይል ነበር። ገዢዎች ውሎ አድሮ ያደሉት ወደ ሸክላው ነው፤ የኤዲሰንም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1929 ቱቦ መሥራቱን አቆመ።

ታዲያ በዚህ ምርጫ ሰዎች ያጡት አንድ ነገር አለ። ፎኖግራፍ ያሰማል፤ ይቀዳልም። አባት የልጁን እንጉርጉሮ፣ ልጅ የአያቱን ተረት በቤቱ ሊቀርጽ ይችል ነበር። የቤት ግራማፎን ግን ሌላ ሰው በሌላ አገር የቀረጸውን ብቻ ያሰማል፤ ባለቤቱ ቢናገርበት አይመልስለትም። በቤተ መንግሥቱ የቀረበው መሣሪያ ግራማፎን ቢሆን ኖሮ እቴጌ ጣይቱ ጥሩ አድማጭ ሆነው በቀሩ ነበር፤ እኛም ስለ ድምፃቸው ዛሬ የምንለው ነገር ባልኖረን ነበር። በእኛ ግምት ከሁለቱ የተሻለው የተሸነፈው ነው፤ ነገር ግን ገበያ እንዲህ ያለውን ሐሳብ አይጠይቅም።

ወደ አገራችንም በብዛት የገባው ባለ ሸክላው ነው። በኤሌክትሪክ ሳይሆን በሞላ የሚሠራ ስለነበር በለንደንም ሆነ በሰሜን ደጋ ላይ እኩል ያገለግላል፤ የሚጠይቀው እጀታውን የሚያዞር ክንድ ብቻ ነው። ብልህ ገዢ ሞላው ተሞልቶ አንዱን የሸክላ ገጽ፣ ሦስት ደቂቃ የሚያህለውን፣ ፍጥነቱ ሳይላላ መጨረስ አለመጨረሱን አዳምጦ ይገዛ ነበር፤ ሞላው የላላ እንደሆነ ዘፋኙ መጨረሻው ላይ እንደ ሰካራም ድምፁን ይጎትታል። የብረት መርፌውንም ለእያንዳንዱ ገጽ መለወጥ ያስፈልጋል፤ አሮጌ መርፌ ሸክላውን ይበላዋል። ሸክላው ፀሐይ ላይ ከተተወ ይጎብጣል፤ ከእጅ ካመለጠ እንደ ስሙ ይሰባበራል። ጡሩንባውን ከላይ ከሚያሳየውና እ.ኤ.አ. ከ1906 ወዲህ ጡሩንባውን በሣጥኑ ውስጥ ከሚደብቀው አንዱን መምረጥ ግን ለዓይን የተተወ ጉዳይ ነው።

የአገራችን ሰው በሸክላ የራሱን ቋንቋ ዘፈን ለመስማት ብዙ አልቆየም። የምንጃሩ ተወላጅ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን ሄደው በዚያ በቆዩበት ጊዜ ዜማቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ በዚህም ከኢትዮጵያውያን ዘፋኞች የመጀመሪያው ናቸው። በጎንደር አካባቢ ላለ ሰው ግን ሸክላ ከባድ ተወዳዳሪ ነበረበት። ከከተማው ብዙ ሳይርቅ ቡርቧክስ የሚባል የአዝማሪዎች መንደር አለ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ቤት ሲገባ የአስተናጋጁን ስም ጠይቆ፣ የእንግዳውን ጠባይ አይቶ፣ ለዚያ ቤትና ለዚያ ምሽት ብቻ የሚሆን ግጥም ይፈጥራል። ሸክላ ይህን አይችልም፤ ትናንት ያለውን ዛሬም ይደግማል። ነገር ግን አዝማሪው ሲሞት ግጥሙም አብሮት ይሄዳል።

ወደ እቴጌ ጣይቱ እንመለስ፤ የቀረን የሕይወታቸው መራራ ክፍል ነው። ዐፄ ምኒልክ በጠና ታመው መናገር እየተሳናቸው በሄዱ ጊዜ፣ የመንግሥቱን ሥራ ለመምራት እቴጌይቱ ብዙ ጣሩ፤ ሹም ሻሩ፤ ሾሙም። ይህ ያላስደሰታቸው መኳንንት በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. ተባብረው ከመንግሥት ሥራ እንዲርቁና ባለቤታቸውን እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። ከዚያ ወዲያ ያ በድርድር አዳራሽ ይሰማ የነበረ ድምፅ በአንድ የሕመምተኛ ክፍል ተወሰነ። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እቴጌይቱ ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው ወደ እንጦጦ እንዲሄዱ ተደረገ። ከሃያ አራት ዓመት በፊት ዘውድ በጫኑባት በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ኑሯቸውን ያዙ።

በእነዚያ የእንጦጦ ዓመታት ምን ያስቡ እንደነበር የሚገልጽ ረጅም ጽሑፍ የለንም፤ አንድ ፍላጎታቸው ግን ይታወቃል። በ1910 ዓ.ም. በኅዳር ወር ገደማ፣ የቀረውን ዕድሜያቸውን በጎንደር እንዲያሳልፉ ይፈቀድላቸው ዘንድ ንግሥት ዘውዲቱን ለመኑ። ጎንደር የእናት የአባታቸው ዘመዶች አገር ናት፤ ሰሜንም ከዚያ ቅርብ ነው። ደጋውን፣ ገደሉንና ከልጅነት ጀምሮ ታሪኩን የሰሙትን የደረስጌን አገር የሚናፍቅ ሰው የሚለምነው ልመና ነበር። ነገር ግን እቴጌ ጣይቱን የመሰለ ሰው ከዘመዶቹ መካከል በሰሜን ማስቀመጥ ለአዲስ አበባ መኳንንት የሚያስፈራ ጉዳይ ሆኖ ታያቸው መሰለን። ፈቃዱ ተከለከለ።

ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ድምፃቸው በትንሽ የሰም ቱቦ ላይ ሆኖ፣ በበቅሎና በመርከብ ተጭኖ፣ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር ደርሶ ነበር። እርሳቸው ራሳቸው ግን ከእንጦጦ ጎንደር የሚያደርሰውን መንገድ እንዲጀምሩ አልተፈቀደላቸውም። ልመናቸው ከተከለከለ ሦስት ወር ያህል ቆይተው፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ ላይ ዐረፉ። ዐፅማቸው አዲስ አበባ፣ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም፣ ከዐፄ ምኒልክ ጎን ይገኛል።